«በፍጹም» ያለው ሰውዬ

ዛሬ ጁላይ 11 ነው። (ቀኖቹንም ዓመቶቹንም በፈረንጅ ነው የምጽፋቸው፤ ታሪኩ የእነሱ ስለሆነ።) የሰሜን አየርላንዷ ቤልፋስት ዛሬ ማታ አትተኛም። ነገ ፕሮቴስታንቶቹ ንጉሥ ዊልያም በ1690 ቦይን ወንዝ ላይ ካቶሊኩን ንጉሥ ጄምስን ያሸነፈበትን ድል በሰልፍ ያከብራሉ። ዋዜማው ላይ ደግሞ እንደ ፎቅ የተቆለለ እንጨት ይቃጠላል። እኔ መጀመሪያ ዓመት ሳየው ደመራ መስሎኝ ሆዴ ባብቶ ነበር። ቀና ስል ጫፉ ላይ የአየርላንድ ባንዲራና የፖለቲከኛ ፖስተር ተሰቅሏል፤ እሱም ሊቃጠል ነው። ሆዴ ወዲያው ወደ ቦታው ተመለሰ።

ሌሊት ፈረቃ ነኝ። የምሠራበት የአረጋውያን መኖሪያ መስኮቱ ወደ እሳቱ ነው። ሰማዩ ብርቱካን መስሏል፤ ከበሮው ይሰማል፤ ሁለት ሰዎች እንቅልፍ እምቢ ብሏቸዋል። ስለ ፕሮቴስታንቶቹ ሰባኪና ፖለቲከኛ ስለ ኢያን ፔዝሊ ለመጻፍ ካሰብኩ ቆይቻለሁ፤ ዛሬ የምጽፈው በእነሱ ሰበብ ነው።

እንግሊዝኛ «እርስዎ» የለውም። ሁሉንም በስማቸው ጥሪያቸው ተብያለሁ። በልቤ ግን አንዷን እማማ፣ አንዱን አባባ ነው የምላቸው። እዚህም እንዲሁ ልበላቸው።

እማማ 84 ዓመታቸው ነው፤ ያደጉት ባሊሚና፣ ፕሮቴስታንት ናቸው። ፔዝሊም አርማ ይወለድ እንጂ ያደገው ባሊሚና ነው፤ አባቱ እዚያ ሰባኪ ነበር። አባባ ደግሞ የፎልስ መንገድ ካቶሊክ፣ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው። ሥራ የጀመርኩ ሰሞን እማማ «ሃይማኖትሽ ምንድነው?» አሉኝ። ኦርቶዶክስ ነኝ አልኩ። «እሱስ ይሁን፤ የፕሮቴስታንት ኦርቶዶክስ ነሽ የካቶሊክ?» በኋላ ስሰማ ይሄ የቆየ የከተማው ቀልድ ነው፤ ለአይሁዱም ለሌላውም ይነገራል። እማማ ግን እየቀለዱ አልመሰለኝም። እዚህ አገር በአንድ ፊደል እንኳን ወገን ይለያል። ኤች የምንላትን ፊደል ፕሮቴስታንቱ «ኤይች»፣ ካቶሊኩ «ሄይች» ይላታል። እኔ እንደ ክፍሉ እቀያይራለሁ።

ፔዝሊ ከሞተ ቆየ። ሴፕቴምበር 12 ቀን 2014 ነው የሞተው። እዚህ ቤት ግን ትናንት እንደወጣ እንግዳ ነው የሚታማው።

ለማያውቀው ሰው፦ ሰሜን አየርላንድ በብሪታንያ ሥር ናት፤ ፕሮቴስታንቱ በአብዛኛው እንደዚያው ትቀጥል ይላል፣ ካቶሊኩ በአብዛኛው ከአየርላንድ ጋር ትዋሐድ ይላል። ፔዝሊ ደግሞ ግዙፍ ሰው፣ ማይክ የማያስፈልገው ድምፅ። በ1951 የራሱን ቤተክርስቲያን መሠረተ፤ 57 ዓመት መራት። በ1971 የራሱን ፓርቲ መሠረተ። በ1988 ጳጳሱ ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ በአውሮፓ ፓርላማ ንግግር ሲጀምሩ ቀይ ወረቀት ይዞ ተነሣና «ፀረ ክርስቶስ!» ብሎ ጮኸባቸው። ጎትተው አስወጡት። ይሄን ብቻ ያየ ሰው እብድ ነው ብሎ ያልፈዋል። ግን ለዚያው ፓርላማ ሲወዳደር በ1979 ያገኘው 170,688 ድምፅ ነው፤ በ1984 ወደ 230,251 ከፍ አለ። አምስት ጊዜ ተወዳደረ፤ አምስቱንም ጊዜ አንደኛ ወጣ። ሕዝቡ አንድ ሚሊዮን ተኩል ገደማ በሆነ አገር ይሄ የእብድ ቁጥር አይደለም። የጎረቤት ቁጥር ነው። አውቶቡስ ውስጥ አጠገብህ የተቀመጠው ሰው መርጦታል።

እማማ መርጠውታል። ስለ እሱ ሲያወሩ መጀመሪያ የሚመጣላቸው ሳቅ ነው። ቤተክርስቲያን ውስጥ መዋጮ ሲሰበሰብ «ዛሬ የሳንቲም ድምፅ መስማት አልፈልግም» ይል ነበር አሉ። ወረቀት ብቻ ማለቱ ነው። «ባለቤቴ ይናደድ ነበር። እኔ ግን ወረቀት ነበር የማደርገው።» ቀጥሎ 1985 ይመጣል። የብሪታንያዋ ጠቅላይ ሚኒስትር ማርጋሬት ታቸር የአየርላንድ መንግሥት በሰሜን አየርላንድ ጉዳይ ሐሳብ እንዲሰጥ የሚያደርግ ስምምነት ፈርማ ነበር። ኖቬምበር 23 ቀን ቤልፋስት ማዘጋጃ ቤት ፊት ለፊት ከ100,000 በላይ ተብሎ የሚገመት ሰው ወጣ። ፔዝሊ መድረክ ላይ ሆኖ «በፍጹም! በፍጹም! በፍጹም! በፍጹም!» አለ። እማማ እዚያ ነበሩ። እግራቸው በብርድ ደንዝዟል፤ አብረው ጮኸው ድምፃቸው ለሦስት ቀን ተዘግቷል። «እንደዚያ ቀን ሰው ሆኜ አላውቅም» አሉኝ አንዴ። ይሄን አባባል ብዙ ጊዜ አሰብኩበት። ጥላቻ አይደለም ያወሩልኝ። ብቻዬን አይደለሁም የሚል ሙቀት ነው ያወሩልኝ።

አባባ የሚጀምሩት ሌላ ቦታ ነው። በ1964 የ17 ዓመት ልጅ ነበሩ። ዲቪስ ጎዳና ላይ አንድ የሪፐብሊካን ፓርቲ (ከአየርላንድ ጋር እንዋሐድ የሚሉት) የምርጫ ቢሮ መስኮት ውስጥ የአየርላንድ ባንዲራ ነበረች። «በየቀኑ በዚያ ነው የማልፈው። አይቻት አላውቅም» ይላሉ። ፔዝሊ ባንዲራዋ ካልወረደች ሰው ይዤ መጥቼ አወርዳታለሁ ብሎ ፎከረ። ያኔ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ሊያያት ሄደ። ፖሊስ አወረዳት፤ ተመልሳ ተሰቀለች፤ ፖሊስ መስኮቱን ሰብሮ ገባ፤ ጎዳናው ለቀናት ተቃጠለ። «ያቺን ባንዲራ ያሳየኝ ፔዝሊ ነው» ይላሉ አባባ፣ ቅንድባቸው ላይ ያለችውን ጠባሳ በጣታቸው እየነኩ። ስለ ጠባሳዋ ጠይቄያቸው አላውቅም።

ከዚያ በኋላ በመጣው የሁለቱ ወገን ግጭት ከ3,500 በላይ ሰው ሞተ። ፔዝሊ ሽጉጥ አልያዘም። ሰዎቹ ሁልጊዜ የሚከራከሩት እዚህች ላይ ነው። ወዳጆቹ «ቃል ነው የተናገረው» ይላሉ። በ1966 በካቶሊኮች ግድያ ከተፈረደባቸው ፕሮቴስታንቶች አንዱ ግን «ያንን ፔዝሊ የሚባል ሰው ባልሰማሁት ኖሮ» ብሎ ለፖሊስ መናገሩ ተመዝግቧል። ፔዝሊ ከዚያ ሰው ጋር ምንም ግንኙነት የለኝም ነው ያለው። ሊሆን ይችላል። ሰባኪ የሰሙትን ሰዎች ሁሉ አያውቅም። የሰማው ግን ሰባኪውን ያውቀዋል።

አሁን ወደ 2007 ልምጣ፤ ሰው ሁሉ የሚወደው ክፍል እሱ ነው። ማርች 26 ቀን ፔዝሊና የሪፐብሊካኖቹ መሪ ጄሪ አዳምስ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ። ጎን ለጎን እንዳይባል፣ ፊት ለፊትም እንዳይባል፣ ጠረጴዛው ማዕዘኑ ላይ እንዲገናኙ ተደርጎ ተቀመጠ። (ስለዚያ ጠረጴዛ ብቻ ሌላ ቀን መጻፍ እችላለሁ።) ሜይ 8 ቀን ፔዝሊ የሰሜን አየርላንድ ቀዳማይ ሚኒስትር ሆነ፤ ምክትሉ የሪፐብሊካኖቹ ታጣቂ ቡድን የአይአርኤ የቀድሞ አዛዥ ማርቲን ማክጊነስ። ከዚያች ማርች በፊት ስለ አየር ጠባይ እንኳን አውርተን አናውቅም ብሏል ማክጊነስ። ከዚያ በኋላ ግን በየፎቶው አብረው ይስቃሉ፤ ጋዜጦች ሳቂታዎቹ ወንድማማቾች አሏቸው። ፔዝሊ ሲሞት ማክጊነስ ስለ ወዳጅነታቸው ተናገረ።

እኔም መጀመሪያ ይሄን ታሪክ ወድጄው ነበር። ለእህቴ በስልክ ሳወራላት «አየሽ፣ ሰው ይለወጣል» ብያታለሁ። አሁን አልልም። ማለትም ሰው አይለወጥም ማለቴ አይደለም። ሂሳቡ ነው የከበደኝ።

የ1960ዎቹ የሰሜን አየርላንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ተረንስ ኦኒል ለካቶሊኮች እጁን ትንሽ ዘረጋ፤ ፔዝሊ ከኋላው «ኦኒል ይውረድ» እያለ ጮኸ። በ1969 ምርጫ በገዛ ወረዳው ገጠመው፤ 7,745 ለ6,331፣ ለጥቂት ተረፈ። ኤፕሪል ላይ ለቀቀ። ሌላው የፕሮቴስታንቶቹ መሪ ብራያን ፎክነር በ1974 ከካቶሊኮቹ ጋር ሥልጣን ተካፍሎ መንግሥት አቋቋመ፤ ፔዝሊ የተሳተፈበት የሠራተኞች አድማ በሁለት ሳምንት ጣለው። የሌላው የፕሮቴስታንቶች ፓርቲ መሪ ዴቪድ ትሪምብል በ1998 የስቅለት አርብ የሚባለውን የሰላም ስምምነት ተቀበለ፤ ድምፅ ከሰጠው ሕዝብ 71.1 በመቶው ደገፈ፤ ከካቶሊኮቹ መሪ ከጆን ሂዩም ጋር ኖቤል ተሸለመ። ፔዝሊ «ከሃዲ» አለው። በ2003 የፔዝሊ ፓርቲ የትሪምብልን በለጠ፤ በ2005 ትሪምብል የፓርላማ ወንበሩን አጣ። ሁለት ዓመት ቆይቶ ፔዝሊ ያንኑ ሥልጣን መካፈል ተቀበለ።

«እሱ ባይፈርም ኖሮ ማንም አይፈርምም ነበር» ይላሉ እዚህ። እውነት ነው። ግን ለምን? ኦኒል ከኋላው ፔዝሊ ነበረበት። ፎክነር ፔዝሊ ነበረበት። ትሪምብል ፔዝሊ ነበረበት። ፔዝሊ ብቻ ነው ፔዝሊ ያልነበረበት። ጂም አሊስተር በ2007 ከፓርቲው ወጥቶ ሌላ ፓርቲ መሠረተ እንጂ ያን ድምፅ ከየት ያመጣዋል። በሩን 40 ዓመት ቆልፎ የቆመ ሰው ሲከፍተው፣ ስለ መክፈቱ ላመሰግነው ይገባል? እኔ አፌ አይታዘዝልኝም። ሌላም ነገር አለ፤ በ80 ዓመቱ ይቅርና በ30 ዓመታቸው መክፈት ያቃታቸውን ስንቱን አይተናል።

ሺመስ ማለን የሚባል የካቶሊኮቹ ፖለቲከኛ የ1998ቱን ስምምነት «ትምህርት ለማይገባቸው የተደገመ ሰኒንግዴል» ብሎታል። ሰኒንግዴል የ1973ቱ ስምምነት ነው፣ ፎክነር የወደቀበት። አባባ ይሄን አባባል ይወዱታል፤ በሳምንት አንዴ ይነግሩኛል። በ2014 መጀመሪያ ቢቢሲ ባሳየው ቃለ መጠይቅ ላይ ደግሞ ፔዝሊ የድሮው የምርጫ ሥርዓት ለካቶሊኮች ፍትሐዊ እንዳልነበረ አመነ። በ1968 ሰልፈኞቹ «አንድ ሰው አንድ ድምፅ» ሲሉ እሱ ሰው ሰብስቦ አርማ ከተማ ላይ መንገድ ዘግቶባቸው ነበር፤ ለዚያም ታስሯል። አባባ ቃለ መጠይቁን ሲያዩ ቴሌቪዥኑን አላጠፉም፣ አልተሳደቡም። «46 ዓመት» አሉ አሉኝ፤ በቃ።

ታዲያ አባባ ይጠሉታል ብዬ ነበር የማስበው። ዛሬ ሌሊት ከበሮው ሲያስቸግራቸው ሻይ ይዤላቸው ገባሁ። (እዚህ ሁሉ ነገር «ዊ» ነው፤ ትንሽዬ እንደማለት። ዊ ሻይ፣ ዊ ብስኩት፣ ዊ ችግር።) ወሬ ላስቀይር ብዬ ስለ እህታቸው ጠየቅኳቸው። ሰሜን አንትሪም ነበር የምትኖረው፣ ፔዝሊ 40 ዓመት የፓርላማ አባል የነበረበት ወረዳ። ባሏ ሲሞት የጡረታ ወረቀቷ ጠፋ። ሰው ወደ ፔዝሊ ቢሮ ሂጂ አላት። እየፈራች ሄደች። ሄይችን እንዴት እንደምትጠራ አልጠየቃትም። ስልኩን አንስቶ ያ ድምፁ እንዳለ አንዱን ኃላፊ ጮኸበት፤ በሁለት ሳምንት ገንዘቡ መጣ። «እስክትሞት በገና ቀን ሻማ ታበራለት ነበር፤ ለዚያ ሰውዬ፣ ካቶሊክ ቤተክርስቲያን ውስጥ!» አሉ አባባ። ከት ብለው ሳቁ። ከዚያ ደግሞ ፊታቸው ተመለሰ። «ለእሷ ደግ ነበር። ለእኛ አልነበረም። ይሄን እንዴት እንደማስታርቀው አላውቅም።»

የተጎዱት እማማ ናቸው። ይሄ ነው የማይገባኝ፣ ወይም በደንብ የሚገባኝ። አባባ ፔዝሊን አምነውት አያውቁም፣ ስለዚህ የወሰደባቸው እምነት የለም። እማማ ግን 30 ዓመት ወረቀት ብር ሰጥተውታል፤ ከኦኒል ጋር ተጣልተውለታል፣ ከገዛ ወንድማቸው ጋር ተጣልተውለታል። ወንድማቸው በ1998 ስምምነቱን ደግፎ ድምፅ ሰጠ፤ እማማ ከሃዲ አሉት። ቃሉን ከፔዝሊ ነው የተዋሱት። ወንድም በ2004 ሞተ፣ ሳይታረቁ። ሦስት ዓመት ቆይቶ ፔዝሊ ከማክጊነስ ጋር ሲስቅ በቴሌቪዥን አዩ።

«መድኃኒት እንኳን ቀኑ የሚያልፍበት ከሆነ ካርቶኑ ላይ ይጻፋል» አሉኝ ዛሬ። «በፍጹም ሲለኝ ቀኑ የሚያልፍበት መሆኑን ማን ነገረኝ?»

የራሱ ቤተክርስቲያንም እንደ እማማ ተቆጥታ ነበር። በ2008 መጀመሪያ ከመሪነቷ ለቀቀ፤ በዚያው ዓመት ጁን ላይ ቀዳማይ ሚኒስትርነቱንም ተወ። በዚያ የቢቢሲ ቃለ መጠይቅ እሱና ሚስቱ ስለ ፓርቲውም ስለ ቤተክርስቲያኑም በምሬት ተናግረዋል። እማማ ይሄን ስነግራቸው ትንሽ ደስ ያላቸው መሰለኝ። አልፈርድባቸውም።

ሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ፣ በእኛ አቆጣጠር፣ ደወላቸው ጮኸ። ጭሱ ገብቷል፣ መስኮቱን ዝጊው፣ መነጽሬንም ከመሳቢያው ስጪኝ አሉ። መሳቢያውን ስከፍት መሀረብ፣ መዝሙር መጽሐፍ፣ ያለቀ ባትሪ። ከሥሩ በደረቱ የተደፋ ፍሬም። አነሣሁት። ፔዝሊ ነው፣ ወጣት፣ አፉን ከፍቶ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ። ጥግ ላይ ፊርማ አለ። እማማ አዩኝ። ምንም አላሉም። እኔም ምን እንደምል ጠፋኝ።

«ልመልሰው?» አልኳቸው።

«መልሺው።»

«እንደነበረ፣ በፊቱ ልድፋው?»

ከበሮው ቆሟል። መነጽራቸውን አድርገው ትንሽ አዩት።

«ወደ ላይ አድርጊው» አሉ። «መሳቢያውን ግን ዝጊው።»