ትንንሽ ፈርኖችን በጥላ ቦታ ሳለማ የያዝኩት አሠራር

ፈርን የሚባለው አበባ የማያወጣ ቅጠላማ ተክል ጥላና እርጥበት ይወዳል ሲባል ብዙ ሰው ጨለማና ጭቃ ያዘጋጅለታል። ብርድ የሚችሉትን ትንንሾቹን ዝርያዎች ግን የፀሐይ ብዛት ከሚጎዳቸው ይልቅ ውሃ የሚያቁር አፈርና አጥልቆ መትከል ይበልጥ ይፈጃቸዋል።

አፈሩን የማዘጋጀው እንደየዝርያው ነው። አስፕሌንየም ትሪኮማነስ ከዓለት ስንጥቅና ከድንጋይ ካብ የሚበቅል፣ ቅጠሉ ከ10 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ፈርን ነው። ግማሽ ደቃቅ ጠጠር ከግማሽ የቅጠል ብስባሽ ጋር እቀላቅልና ጥቂት የኖራ ድንጋይ ስብርባሪ ጣል አደርግበታለሁ። ብሌክነም ፔና ማሪና የተባለው ሌላው ትንሽ ፈርን ግን ኖራ አይስማማውም፤ አሲዳማ አፈር ይፈልጋል። ሁለቱን አንድ መደብ ላይ አልተክላቸውም። ጥሬ ፍግ ሥር ስለሚያቃጥል ለሁለቱም አይገባም።

ከመትከሌ በፊት ችግኙን ከነማሰሮው ባልዲ ውሃ ውስጥ እነክረዋለሁ፤ አረፋ መውጣቱን እስኪያቆም ይቆያል። በሥሩ ዙሪያ ያለው አፈር ደርቆ ከተተከለ በኋላ ከላይ የሚፈስስበት ውሃ ዙሪያውን አልፎ ይሄዳል፤ መሬቱ ረጥቦ ተክሉ ይጠወልጋል።

ጥልቀቱ ላይ ቸልታ አያዋጣም። አስፕሌንየም አዲስ ቅጠል የሚወጣበት አናቱ ከአፈሩ ገጽ ትንሽ ከፍ ማለት አለበት፤ ከተቀበረ ይበሰብሳል። እኔ በሁለት ድንጋዮች መካከል በጎኑ አጋድሜ ነው የምተክለው፤ ያኔ ውሃ አናቱ ላይ አይተኛም። አዲያንተም ቬነስተም የተባለው ሦስተኛው ፈርን ደግሞ በተሳቢ ግንዱ ስለሚሄድ ግንዱን ገጹ ላይ አሳርፌ በስሱ ብስባሽ እሸፍነዋለሁ። የመጀመሪያውን ዓመት ምንም የሚያድግ አይመስልም። ነቅሎ ማየት የጀመረውን ሥር መበጠስ ነው።

ትልልቅ ዛፎች ሥር ከሆነ ጥላው ይመቻል፣ የዛፉ ሥር ግን ውሃውን ይሻማል። እዚያ የመጀመሪያው ዓመት ሙሉ አፈሩን በጣቴ እየፈተሽኩ አጠጣለሁ።

በቅጠሉ ጀርባ የሚታዩት ቡናማ ነጠብጣቦች ስፖር፣ ማለትም ፈርን እንደ ዘር የሚራባበትን ብናኝ፣ የያዙ ከረጢቶች ናቸው፤ ተባይ መስሏቸው መድኃኒት የሚረጩ አሉ፣ ቅጠሉንም ያቃጥሉታል። አሮጌ ቅጠል የምቆርጠው አዲሱ ተጠቅልሎ ሳለ፣ ከመዘርጋቱ በፊት ነው።

አፈሩ እርጥብ ሆኖ ተክሉ በድንገት ከጠወለገ ቀስ ብዬ ሳብ አደርገዋለሁ። ያለ ሥር ከወጣ ቡናማ ራስ ያለው ነጭ እጭ በልቶታል፤ የተረፈውን በውሃ አጥቤ በአዲስ አፈር እተክላለሁ።