መልሶ ቢወጣስ?

ካልሳይት የሚባለው ነጭ ማዕድን ላይ አንድ ጠብታ አሲድ ጣል ሲደረግበት ጭስስ ብሎ አረፋ ያወጣል። አረፋው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ጂኦሎጂ ስማር ይህን ያየሁት ባዛልት በሚባል ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ቁራጭ ላይ ነበር፤ ቀዳዳዎቹን ካልሳይት ሞልቷቸው። ጋዝ ድንጋይ ውስጥ ታስሮ ዘመናትን እንደሚቆይ ያኔ ገባኝ።

ከፋብሪካ የተያዘ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ምድርን እንዳያሞቅ መሬት ውስጥ ይቀበር ሲባል ሰው ቶሎ የሚጠይቀው "መልሶ ቢወጣስ?" ብሎ ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱ ግን እንደ ድንጋዩ ይለያያል።

አይስላንድ ውስጥ ካርብፊክስ የሚባል ፕሮጀክት ጋዙን ውሃ ውስጥ አሟሙቶ ወደ ባዛልት ያወርደዋል፤ ለስላሳ መጠጥ ውስጥ እንዳለው ጋዝ። አሲድነት ያለው ውሃ ከድንጋዩ ካልሲየምና ማግኒዥየም ያወጣል፤ እነሱ ደግሞ ከካርቦኑ ጋር ተዋህደው ማዕድን ይሆናሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ጥናት እንዳሳየው ከ95 በመቶ በላይ የሚሆነው ጋዝ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ድንጋይ ሆኗል። ይህ ውጤት ዛሬም ይደንቀኛል። ግን ውሃ ይበላል፤ ለአንድ ቶን ጋዝ ከ20 ቶን በላይ።

ኖርዌይ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ስላይፕነር በሚባል የባህር ላይ የተፈጥሮ ጋዝ ማውጫ የምታደርገው ሌላ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከባህር ወለል በታች በጥልቀት ወዳለ አሸዋ ድንጋይ ይገባል፤ ከላይ ጋዝ የማያሳልፍ ድንጋይ ከድኖታል። ያን ያህል ጥልቀት ላይ ግፊቱ ስለሚያምቀው ብዙ ቦታ አይዝም። አልጄሪያ ውስጥ ኢን ሳላህ በሚባል ሌላ የመቅበሪያ ቦታ ላይ ግን ከላይ ያለው መሬት በሚሊሜትር ከፍ ማለቱን ሳተላይት አሳየ፤ ክዳን የሆነው ድንጋይ ያሳሰባቸው ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ጋዝ መጨመሩን አቆሙ። እኔ ይህን እንደ ውድቀት አላየውም። ክትትል ስለነበረ ነው የታወቀው።

በጣም የምደግፈው ለሲሚንቶ ሲሆን ነው። ምድጃው በፀሐይ ኃይል ቢሠራ እንኳ የኖራ ድንጋዩ ራሱ ሲቃጠል ካርቦን ይለቃል። ሌላ መውጫ ገና በሰፊው የለም። የድንጋይ ከሰል ማመንጫን ዕድሜ ለማራዘም ከሆነ ግን አልስማማም፤ ለእሱ ፀሐይና ነፋስ አሉ። እስካሁን ከተያዘው ጋዝ አብዛኛው ነዳጅ ከጉድጓድ ገፍቶ ለማውጣት መዋሉ ደግሞ ያናድደኛል።

ስለዚህ አዲስ ፕሮጀክት ስሰማ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ፦ ጋዙ ከየት ነው የመጣው? ጉድጓዱ ከተደፈነ በኋላስ የሚከታተለው ማን ነው፣ በማን ገንዘብ?