ሽሪምፕ ኦምሌት፦ ጣጣው ሁሉ ውሃው ላይ ነው

አገር ቤት እያለሁ እጄ የሚያውቀው እንቁላል ፍርፍር ብቻ ነበር፤ ሽንኩርቱን ማቁላላት፣ ቲማቲምና ቃሪያ ጣል ማድረግ፣ እንቁላሉን ሰብሮ ማማሰል። ዱባይ መጥቼ ደይራ የሚባለው ሰፈር ስገባ ግን ዋተርፍሮንት ማርኬት ጎረቤቴ ሆነ። በ2017 የድሮውን የደይራ ዓሣ ገበያ ተክቶ የተከፈተ ትልቅ ገበያ ነው። ሻጮቹ «ሩብያን!» (በዐረብኛ ሽሪምፕ ማለት ነው) እያሉ ሲጣሩ፣ ሽሪምፑም፣ ያ ዛጎል ለባሽ ትንሽ የባሕር እንስሳ፣ በረዶ ላይ ተከምሮ ሲያዩት፣ ባዶ እጅን መመለስ ይከብዳል።

ስገዛ መጀመሪያ የማየው ጭንቅላቱን ነው። ጭንቅላቱ የጠቆረ ወይም ከአካሉ ሊላቀቅ የደረሰ ሽሪምፕ ሰንብቷል ማለት ነው። ቀጥሎ ማሽተት፦ ባሕር ባሕር ቢል ደህና፣ አሞኒያ ከሸተተ ግን ሻጩ የፈለገውን ያህል ቢቀንስ አልነካውም። እዚያው ገበያ ውስጥ ትንሽ ከፍለው የሚያስጠርጉበት ቦታ አለ፤ እኔ ግን ቤት ወስጄ ራሴ ማጽዳቱን እመርጣለሁ። ጭንቅላቱን ጠምዘዝ አድርጎ መንቀል፣ ከእግሩ በኩል ጀምሮ ዛጎሉን መላጥ፣ ጀርባውን በቢላ ጫፍ ሰንጠቅ አድርጎ ጥቁሯን ክር መሳብ። ክሯ አንጀቱ ናት።

ገበያ መሄድ ባልቻልኩ ጊዜ የሱፐርማርኬቱን በረዶ የሆነ ሽሪምፕ እጠቀማለሁ። ከረጢቱ ላይ 31/40 የሚል ቁጥር ካያችሁ፣ በአንድ ፓውንድ፣ ማለትም 450 ግራም ገደማ ውስጥ፣ ከ31 እስከ 40 ፍሬ አለ ማለት ነው። ቁጥሩ ሲያንስ ሽሪምፑ ይተልቃል። ለኦምሌት መካከለኛው ይበቃል፤ ትልልቁ እንቁላሉ ሲታጠፍ ይቀደዋል። በረዶውን ለማስለቀቅ ማታውኑ ፍሪጅ ውስጥ ማሳደር ነው፤ ከቸኮላችሁ ደግሞ ከነላስቲኩ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ። ሙቅ ውሃ ላዩን አብስሎ ውስጡን በረዶ እንዳለ ይተወዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ሽሪምፕ ውሃ ያዘለ ነገር ነው። ውሃውን ይዞ መጥበሻ ውስጥ ከገባ አይጠበስም፣ ይቀቀላል፤ ከእንቁላል ጋር ጥሬውን ከተጨመረ ደግሞ የሚያወጣው ውሃ እንቁላሉን ያረጥበዋል፣ እሱ እስኪበስል ሲጠበቅም እንቁላሉ ይደርቃል። ስለዚህ በሶፍት ጫን ጫን አድርጌ አደርቀውና ለብቻው እጠብሰዋለሁ። መጥበሻው በደንብ ይግላል፣ ዘይት ጠብ ይደረጋል፣ ሽሪምፑ ሳይደራረብ ይደረደራል። በእያንዳንዱ ጎን አንድ ደቂቃ ገደማ ነው። ግራጫው ወደ ሮዝ ይለወጣል፤ ቀለሙ ፕሮቲን አፍኖት የቆየ ነው፣ እሳቱ ሲያገኘው ይለቀቃል። ቅርጹ ግማሽ ጨረቃ እንደሆነ ማውጣት ነው። ተጠቅልሎ ጫፍና ጫፉ ከገጠመ እንደ ላስቲክ ይሆናል። መጨረሻ ላይ ትንሽ ነጭ ሽንኩርት፣ ጨውና ቁንዶ በርበሬ። ሎሚው ማዕድ ላይ ይጠብቅ። ቲማቲም ጨርሶ አላስገባም፤ ለፍርፍር የሚያምርበት ጭማቂው እዚህ ጠላት ነው። ቃሪያ ግን በደቃቁ ተከትፎ ይገባል፣ ያለሱ አይሆንልኝም።

ለአንድ ሰው ሦስት እንቁላልና አንድ እፍኝ ሽሪምፕ በቂ ነው። መጥበሻውን ጠርጌ እሳቱን እቀንስና ቅቤ አቀልጣለሁ፤ የገበታ ቅቤ ማለቴ ነው። ንጥር ቅቤ ወተታዊው ዝቃጭ ስለወጣለት ቶሎ አያርም፣ በዚህ ይበልጣል፤ ነገር ግን ኮረሪማውና ኮሰረቱ የሽሪምፑን ለስላሳ ጣዕም ይውጡታል። እንቁላሉ ከገባ በኋላ ዳር ዳሩን ወደ መሃል እየሰበሰብኩ፣ መጥበሻውን ዘንበል እያደረግኩ ፈሳሹን ወደ ባዶው ቦታ እለቃለሁ። ላዩ እርጥብ ሆኖ መፍሰሱን ሲያቆም ሽሪምፑን በግማሹ ላይ በትኜ አጥፈዋለሁ፣ ከእሳት አውርጄም ለአንድ ደቂቃ እከድነዋለሁ።

እርጥበቱ ላይ ከቤት ደባሌ ጋር አንስማማም። እትዬ ነው የምላት፣ በዕድሜ ትበልጠኛለች። «ይሄ እንቁላል ጥሬ ነው፣ መልሺው» ትለኛለች፣ እመልሰዋለሁ። ሽሪምፑንማ ጭራሽ አትነካውም፤ ኦርቶዶክስ ናትና ክንፍና ቅርፊት የሌለው የባሕር ነገር በእሷ ዘንድ አይበላም። ለእሷ ኪንግፊሽ የሚባለውን ዓሣ በትንንሹ ቆርጬ በዚሁ መንገድ እሠራለሁ። ዓሣው ከሽሪምፑ ትንሽ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል፣ ሥጋው በሹካ ሲነካ እየተፈረከሰ ከመጣ ደርሷል። ሁልጊዜም የእሷን አስቀድማለሁ፤ የእኔ ከቀደመ መጥበሻው በሳሙና ሳይታጠብ ለእሷ አይሆንም። ረቡዕና ዓርብ ደግሞ እንቁላሉም ስለሚጾም ነገሩ ሁሉ ለእኔ ብቻ ይቀራል።

ሽሪምፕ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትቀምሱ ከሆነ ጥቂት ብቻ ቀምሳችሁ ቆዩ። አለርጂ የሚሆንባቸው ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ከንፈር ካሳከከ ወይም ካበጠ እዚያው ማቆም፣ ትንፋሽ ካጠረ ደግሞ ወዲያው ሐኪም ቤት መሄድ ነው።

ካላማሪም (ስኩዊድ የሚባለው አጥንት የሌለው የባሕር እንስሳ) ጨምሪበት የሚሉኝ አሉ። ካላማሪ ግን ወይ ሁለት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ መውጣት፣ ወይ ደግሞ ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ መንተክተክ ይፈልጋል፤ በመሃሉ ማኘክ የማይቻል ይሆናል። ለወጥ ቢሆን እሞክረዋለሁ፣ ኦምሌት ውስጥ ግን አላስገባውም።