ጆሬ ባሕር ያየ ጊዜ

ትምህርት ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው ልጄ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ ከትምህርት ቤት መጣች። ጀርባዋ ላይ ብታዝለው "መንገዱ አይታየውም" ብላ ነው። ከዚፑ መሃል ሁለት ረጃጅም ጆሮዎች ብቅ ብለዋል።

ስሙ ጆሬ ነው፤ የክፍላቸው የጨርቅ ጥንቸል። ግራጫ ነው፣ ቁመቱ ከክንዴ ያጥራል፣ ሆዱ በመታቀፍ ብዛት ሳስቷል። ግራ ጆሮው አንድ ጊዜ ተገንጥሎ በቀይ ክር ተሰፍቷል። ማን እንደሰፋው አላውቅም፤ ስፌቱ ግን የቸኮለ ሰው ስፌት አይደለም። ዓመቱን ሙሉ በየተራ ከልጆቹ ጋር ወደየቤታቸው ሲሄድ ከርሟል። አብሮት የሚዞር አንድ ደብተር አለ። የወሰደው ቤተሰብ ምን እንዳደረጉ ይጽፍበታል፣ ፎቶ ይለጥፍበታል። የረጅሙ ዕረፍት ዕጣ ለልጄ ወጣ።

ያን ማታ ደብተሩን ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። ጆሬ የጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄዷል። አንድ የታመሙ አያት አልጋ ላይ ተኝቷል። አንዱ ገጽ ላይ ደግሞ እንዲህ ይላል፦ "በዚህ ሳምንት የትም አልሄድንም። ጆሬ ከእኛ ጋር ልብስ አጠፈ።" ሥሩ ላይ ጆሬ በካልሲ ክምር መሃል ተቀምጦ ይታያል። ከሁሉም ይህን ገጽ ወደድኩት።

ነገሩ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ጓጉቼ ትንሽ አነበብኩ። እ.ኤ.አ. በ1995 ዴል ሁበርት የሚባል ካናዳዊ መምህር ተማሪዎቹን ከወረቀት ጠፍጣፋ ልጅ አስቆርጦ በፖስታ ወደ ሌላ ቦታ እንዲልኩት አደረገ። የተቀበለው ሰው ወረቀቱን እንደ እንግዳ ያስተናግደዋል፣ ያዩትንም ጽፎ ይመልሳል። ሐሳቡን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1964 ከታተመ የልጆች መጽሐፍ ነው፤ እዚያ ያለው ልጅ ጠፍጣፋ ስለሆነ በፖስታ መላክ ይችላል። ከዚያ ወዲህ የስንት አገር ልጆች ይህን ሠርተዋል። ልጅን ዝም ብለህ "ጻፍ" ብትለው እርሳሱን ያኝካል። የሚናፍቀውን እንግዳ ወሬ ጻፍ ስትለው ግን ይጽፋል።

ባለቤቴ ጆሬን ትልቁ ሻንጣ ውስጥ እንክተተው አለ። እኔ እንቢ አልኩ። ሻንጣ ይዘገያል፣ ይጠፋልም። ጆሬ ደግሞ የእኛ አይደለም፣ የአንድ ክፍል ሙሉ ልጆች ነው። ስለዚህ በእጅ ቦርሳ። ከመነሳታችን በፊት ስልክ ቁጥሬን ጨርቅ ላይ ጽፌ እግሩ ሥር ሰፋሁት። ከፊትም ከኋላም ፎቶ አነሳሁት። እንዲህ ያለ እንግዳ ለሚቀበል ሁሉ ይህን እመክራለሁ፤ ምክንያቱን ትንሽ ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

አውሮፕላን ማረፊያ ፍተሻው ላይ ልጄ ቆመች። ሁሉም ነገር በኤክስሬዩ ማለፍ አለበት፣ ጆሬም ጭምር። እሷ ግን አልለቅም አለች። "ውስጡን ያዩታል" አለችኝ በሹክሹክታ። ከኋላችን ሰልፍ አለ፣ ሰው ይጠብቃል። ፈታሿ ሴትዮ ጎንበስ አለችና "የኔ ቆንጆ፣ አንቺ ቀድመሽ እለፊና እዚያ ማዶ ጠብቂው" አለቻት። ልጄ ሮጣ አለፈች። ጆሬ በፕላስቲክ ሣህኑ ላይ ጆሮዎቹን ዘርግቶ ሲወጣ ሁለት እጇን ዘርግታ ጠበቀችው። መጀመሪያ ሆዱን ነካካች። ምንም አልጎደለም።

አውሮፕላኑ ሲነሳ ደግሞ ሌላ ፍርሃት መጣ። እዚህ ላይ የረዳን የአሥራ አንድ ዓመቱ ወንድሟ ነው። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ጆሬን ዞር ብሎም አላየውም ነበር። "አሻንጉሊት ጠፈርም ሄዷል እኮ" አላት። ልጁ የሮኬት ነገር አይሆንለትም፤ ሁሉንም በቃሉ ያውቃል። እ.ኤ.አ. ግንቦት 2020 ጠፈርተኞቹ ዳግ ኸርሊና ቦብ ቤንከን በስፔስኤክስ ኩባንያ መንኮራኩር ወደ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ሲሄዱ ትሬመር የሚባል የሚያብለጨልጭ ዳይኖሰር ይዘው ነበር። የመረጡላቸው የገዛ ልጆቻቸው ናቸው። ዳይኖሰሩ ከቦታው ተነስቶ መንሳፈፍ ሲጀምር ክብደት አልባ ቦታ እንደደረሱ ያሳያል። እህቱ ይህን ሁሉ አፏን ከፍታ ሰማችና "ጆሬ ከተንሳፈፈ ንገረኝ" አለችው። በረራውን ሙሉ በየተራ ጠበቁት። በጉዟችን ከሁሉ የተረጋጋው ሰዓት ያ ነበር።

ባሕሩ ላይ ግን ያልጠበቅነው መጣ። ልጄ ወደ ውኃው አልቀርብም አለች። አባቷ አባበላት፣ ወንድሟ ገብቶ አሳያት፣ እኔ እጇን ያዝኩ። ወይ ፍንክች። ምን ሆንሽ ስንላት "ምንም" ትላለች። ልጄ እንዲህ ናት፤ የፈራችውን አትናገርም።

ማታ መብራት ካጠፋሁ በኋላ ከአልጋዋ ድምፅ ሰማሁ። ለጆሬ እያወራችው ነው። ሁልጊዜ በቀኝ ጆሮው ነው የምታወራው። "ባሕሩ በቃ ብትለውም ይመጣል" አለችው። "ሂድ ትለዋለህ፣ ይሄዳል፣ ከዚያ ደግሞ ይመጣል።"

ጨለማው ውስጥ ቆሜ ቀረሁ። ቀኑን ሙሉ ስንጠይቃት የነበረው መልስ ይኸው ነው። የፈራችው መስጠምን አይደለም። እምቢ ሲሉት የማይሰማ ነገር ነው የፈራችው።

በማግስቱ ስለ እሷ አንድም ቃል አላነሳንም። አባቷ ጆሬን ደረቁ አሸዋ ላይ አስቀመጠውና ከፊቱ በእንጨት መስመር አሰመረ። "ጆሬ፣ ውኃው እዚህ ድረስ ይመጣል፣ ከዚህ አያልፍም። እስቲ እንይ" አለው። ሦስቱም ተቀምጠው ጠበቁ። ሞገዱ መጣ፣ መስመሩ ጋ ሳይደርስ ተመለሰ። እንደገና መጣ፣ ተመለሰ። ልጄ ጣቷን አንስታ መቁጠር ጀመረች። ከሰዓት በኋላ ሁለተኛውን መስመር ራሷ አሰመረች፣ ወደ ውኃው ጠጋ አድርጋ። በአራተኛው ቀን ጆሬን ለእኔ ሰጠችና እስከ ጉልበቷ ገባች። "እንዳይረጥብ ያዢው" አለችኝ።

ፎቶውን የያዘው ወንድሟ ነው። መጀመሪያ ጆሬን ከላይ ያነሳው ነበር። ከዚያ ስልኩን አሸዋው ላይ፣ በጆሬ ዓይን ልክ አስቀመጠው። እዚያ ከፍታ ላይ አንድ ቁርጭምጭሚት የማትደርስ ሞገድ ተራራ ታክላለች። የእኛ እግሮች ምሰሶ ይመስላሉ። እነዚያን ፎቶዎች ሳይ ልጄ ለምን እንደፈራች በዓይኔ አየሁት።

ልንመለስ አንድ ቀን ሲቀረን ጆሬ ጠፋ። ሽርሽር ውለን ወደ ክፍላችን ስንመለስ አልጋው ተነጥፏል፣ አንሶላው ተቀይሯል፣ ጆሬ የለም። ጠዋት ብርድ ልብስ ሥር ትተነው ወጥተናል፤ ጥፋቱ የራሳችን ነው። ልጄ አላለቀሰችም። ትራሱን አንስታ አየች፣ መልሳ አስቀመጠችው፣ እንደገና አነሳችው።

ያን ጊዜ ጸሐፊው ፍራንዝ ካፍካ ትዝ አለኝ። ፍቅረኛው ዶራ ዲያማንት እንደምትተርከው፣ ካፍካ እ.ኤ.አ. በ1923 በርሊን ውስጥ አሻንጉሊቷ ጠፍታባት የምታለቅስ ልጅ ፓርክ ውስጥ አገኘ። አሻንጉሊትሽ ጉዞ ሄዳ ነው ብሎ በየቀኑ በአሻንጉሊቷ ስም ደብዳቤ ይጽፍላት ጀመር። ደብዳቤዎቹ እስካሁን አልተገኙም። ኮሪደሩ ላይ ስሮጥ እኔም በልቤ መጻፍ ጀምሬ ነበር፦ "ውድ ልጆች፣ ባሕሩ ስለተስማማኝ…" አልቀጠልኩም። ካልሲ መሃል ያስቀመጡት ሰዎች ታወሱኝ። በቀይ ክር የሰፋው ሰው ታወሰኝ።

ለጽዳት ሠራተኛዋ ስልኬን አሳየኋት። "እህቴ፣ ይህን አይተሻል?" ፎቶውን አጉልታ አየችው፣ ከዚያ ምንም ሳትል ልብስ ማጠቢያው ክፍል ይዛኝ ወረደች። የአንሶላ ክምር ነው፣ ወገብ የሚደርስ፣ ሁሉም ነጭ። ሁለታችንም ተንበርክከን አንድ በአንድ ዘረጋነው። ስንተኛው ላይ እንደሆነ አልቆጠርኩም። መጀመሪያ ያየሁት ቀዩን ክር ነው።

ቤት ስንገባ ልጄ እየነገረችኝ ደብተሩ ላይ ጻፍኩ። መስመሮቹን አንድም ሳትረሳ አጻፈችኝ። የጠፋበትን ቀን እንዝለለው ወይ ብላት "አይ፣ ጻፊው። አንሶላ ውስጥ ተኝቶ ነበር በይ" አለችኝ።

ትምህርት ሲከፈት እኔ ነኝ ያደረስኳት። ቀጣዩ ተረኛ ልጅ በሩ ላይ እየጠበቀ ነበር። ጆሬን በሁለት እጇ አቀበለችው፣ ደብተሩንም ሰጠችው። ሊሄድ ሲል ግን እጅጌውን ያዘችው።

"በዚህኛው ጆሮው ንገረው" አለችው ቀኙን እያሳየች። "ያኛው የተሰፋ ነው፣ ደህና አይሰማም።"