ከመናገር በፊት ማዳመጥ፦ ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ተግባቦትን ያስተማርኩበት መንገድ

አዲስ አበባ ውስጥ በሚገኝ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት የ7ኛና የ8ኛ ክፍል አማርኛ መምህር ነኝ። የአማርኛ ትምህርት ማዳመጥን፣ መናገርን፣ ማንበብንና መጻፍን አራት ክህሎቶች አድርጎ ቢያስቀምጥም፣ የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ በምርጫ ጥያቄ የሚሰጥ ፈተና በመሆኑ ጊዜ ሲያጥር ቀድመው የሚዘለሉት ሁለቱ የመጀመሪያዎቹ ናቸው። በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ውስጥ ከ50 በላይ ተማሪ ያለበትን ክፍል ሁሉ በየተራ ፊት እያወጡ ማናገርም አይቻልም። ስለዚህ ተግባቦትን በደንብ ላስተምር ስነሣ ትምህርቱን ከማዳመጥ ለመጀመር ወሰንኩ።

ምክንያቴ ለረጅም ጊዜ የታዘብኩት የትምህርት ቤት ክርክር ነው። «ከብዕርና ከጎራዴ የቱ ይበልጣል?» ወይም «የከተማ ኑሮ ይሻላል ወይስ የገጠር?» በሚለው ክርክር ሁለቱ ወገኖች በቃላቸው የያዙትን በየተራ ያነበንባሉ እንጂ አንዱ ለሌላው መልስ አይሰጥም፤ ጭብጨባውም ድምፁ ለጎላው ነው። በቀድሞው የ«በላ ልበልሃ» ሙግት ግን ከሳሽና ተከሳሽ ፊት ለፊት ቆመው «ተጠየቅ» እየተባባሉ ስለሚሟገቱ፣ የባላጋራውን ቃል በጥሞና ያልሰማ ሰው የሚመልሰው አይኖረውም። እኔም ይህንኑ መነሻ አድርጌ አንድ ደንብ አወጣሁ፤ ማንም ተማሪ የራሱን ሐሳብ ከመናገሩ በፊት የተቃራኒውን ሐሳብ በራሱ አገላለጽ ይደግማል፣ ባለቤቱም «አዎ፣ ያልኩት ይህንን ነው» እስኪል ድረስ አይቀጥልም።

ደንቡ ክርክሩን እጅግ አዘገየው፤ ጥቅሙም የታየኝ በመዘግየቱ ውስጥ ነው። ተማሪ ስልክ ይዞ ይምጣ ወይስ አይምጣ በሚለው ርእስ ላይ አንዲት ተማሪ፣ ትምህርት የሚያበቃው ሲመሽ ስለሆነ ታክሲ ሲጠፋ ለእናቷ የምትደውልበት ያስፈልጋታል ብላ ተናገረች። ተቃራኒዋ «ስልክ ጥሩ ነው አልሽ» ብሎ ሊያልፍ ሲል «እንደሱ አላልኩም» አለችው። ልጁ ደጋግሞ ከሞከረ በኋላ በትክክል ሲደግመው ሐሳቧን መቃወሙን ትቶ፣ ስልኩ ጠዋት በር ላይ ተረክቦ ማታ ቢመለስስ የሚል መፍትሔ አመጣ። በዚህ ልምምድ ይበልጥ የተቸገሩት ሁልጊዜ እጃቸውን የሚያወጡት ልጆች ሲሆኑ፣ ዝምተኞቹ የሰሙትን ሳያዛቡ መልሰው ይናገሩ ነበር።

የተማሪውን ብዛት ለመቋቋም የተጠቀምኩበት አደረጃጀት ቀላል ነው። በአንድ ዴስክ ላይ ሦስት ተማሪዎች ስለሚቀመጡ አንዱ ተናጋሪ፣ አንዱ አድማጭ፣ አንዱ ታዛቢ ይሆናሉ፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ይቀያየራሉ። ጩኸቱ ለጎረቤት ክፍል እንደማይመች አልክድም። ታዛቢው የሚመዘግበው ተናጋሪው መቋረጥ አለመቋረጡንና የተደገመው ሐሳብ ተናጋሪው ያለው መሆን አለመሆኑን ብቻ ነው፤ ንግግሩ አማረ አላማረም የሚለውን እንዲፈርድ አላደርግም፣ ምክንያቱም በዚህ ዕድሜ የጓደኛን ንግግር መገምገም ቶሎ ወደ መሳለቅ ይዞራል።

ብዙ የተግባቦት መመሪያዎች «የምታናግረውን ሰው ዓይን ተመልከት» ይላሉ። በእኛ ቤት ግን ታላቅን ትኩር ብሎ ማየት ድፍረት ስለሆነ፣ አቀርቅሮ የሚመልስን ልጅ በራስ መተማመን የጎደለው አድርጎ መቁጠር ፍርደ ገምድልነት ነው። ስለዚህ ከእኩያ ጋርና ከታላቅ ጋር የሚደረገውን ንግግር ለይቼ አለማመድኳቸው። ከታላቅ ጋር ለሚደረገው፣ ከቤት የተላኩትን መልእክት ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ ማድረስን፣ እንዲሁም በር ላይ ለቆመው ጥበቃ ወይም ለዩኒት ሊደሯ ያረፈዱበትን ምክንያት በአክብሮት፣ ነገር ግን ሳይድበሰበሱ ማስረዳትን መረጥኩ። አንቺና እርስዎ የሚቀያየሩበት ቦታ፣ የይቅርታው ቃል የሚገባበት ጊዜ፣ ምክንያቱ ከመንዛዛቱ በፊት የሚቆምበት ልክ ሁሉ በዚህ ልምምድ በግልጽ ይወጣል።

በቤታቸው ኦሮምኛ ወይም ጉራጊኛ የሚናገሩ ተማሪዎች በመዘጋጃው ሰዓት በሚቀላቸው ቋንቋ እንዲመካከሩ ፈቀድኩ። አማርኛቸው ይዳከማል የሚል ሥጋት ከባልደረቦች ተነሥቶ ነበር፤ እኔ ያየሁት ግን የሚናገሩትን አስቀድመው ካወቁ በኋላ ቃል ፍለጋው እንደሚቀላቸው ነው።

ትምህርቱ ከክፍል ውጭ የወጣው በሚኒ ሚዲያ በኩል ነው። ቀድሞ የምንመርጠው ድምፀ መረዋውን አንባቢ ነበር፤ አሁን ጥበቃውን፣ የጽዳት ሠራተኛዋን፣ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊውን ቃለ መጠይቅ የሚያደርጉ ልጆችን እንመርጣለን። ወረቀት ላይ ጽፈው እንዲገቡ የምፈቅድላቸው የመጀመሪያውን ጥያቄ ብቻ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከተሰጣቸው መልስ መውጣት አለበት።