አክሮፖራ ከመግዛታችሁ በፊት

ልጅ ሆኜ አዲስ አበባ ቤታችን ቡፌ ላይ ነጭ፣ ቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ያለው የባሕር ድንጋይ ነበር። አባቴ አሰብ ሲሠራ ያመጣው ነው። እናቴ በየበዓሉ ዋዜማ አውርዳ ታጥበዋለች። እኔም ኮራል ማለት ነጭ ድንጋይ ነው ብዬ አደግሁ። ኮራል የባሕር እንስሳ እንደሆነ፣ ነጩ አጥንቱ ብቻ እንደሆነ፣ ሥጋው ካለቀ በኋላ የሚቀር እንደሆነ በደንብ የገባኝ እዚህ ቨርጂኒያ፣ ሳሎኔ ውስጥ፣ አክሮፖራ የምትባል ባለቅርንጫፍ ኮራል በገዛ እጄ ከገደልኩ በኋላ ነው።

ቀድሞ ያስጠነቀቀኝ ሰው ቢኖር ደስ ይለኝ ነበር። ስላልነበረ እኔ ልጻፈው።

ኮራል ቤት ውስጥ ማሳደግ አጀማመሩ ቀላል ነው። 150 ሊትር የሚይዝ ገንዳ፣ ድንጋይ፣ አሸዋ፣ ፓምፕ፣ መብራት። የባሕር ጨው በሊትር 35 ግራም ገደማ። ሙቀት 25 ወይም 26 ዲግሪ። ከዚያ የዓሣ ቆሻሻ የሚያፈርሰው ጠቃሚ ባክቴሪያ እስኪራባ አምስት ስድስት ሳምንት ዓሣ ሳያስገቡ መታገስ። የቧንቧ ውሃ ግን በፍጹም እንዳትጨምሩ። ሰሜን ቨርጂኒያ ውሃው አብዛኛውን ዓመት የሚታከመው በክሎራሚን ነው። ለእኛ ምንም አይልም፣ ለኮራል መርዝ ነው። እንደ ክሎሪን ደግሞ ስላሳደሩት በንኖ አይጠፋም። አርኦዲአይ የሚባለውን ማጣሪያ ግዙ። እዚህ ላይ አትቆጥቡ።

አንድ ዓመት በቀላሎቹ ኮራሎች ተለማመድኩ። ከዚያ አክሮፖራ ገዛሁ። አውራ ጣት የምታክል ቁራጭ፣ አረንጓዴ ሆና ጫፏ ሰማያዊ፣ 60 ዶላር። ከባሕር የተነቀለች ሳትሆን ሰው ቤት ካደገች እናት የተቆረጠች መሆኗን ጠይቄ ነው። እናንተም ጠይቁ። የካሪቢያን ባሕር ሁለቱ የአክሮፖራ ዝርያዎች ከመመናመናቸው የተነሣ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በአሜሪካ ሕግ ጥበቃ ሥር ናቸው። ለሳሎን ጌጥ ተብሎ ባሕር መራቆት የለበትም።

አራት ወር አደገች። ስታድግ ማየት ልብ ይሞላል። መጀመሪያ የተለጠፈችበትን ሙጫ እንደ ቀለጠ ሰም ሸፈነችው። ከዚያ ወደ ላይ አምስት ቅርንጫፍ አወጣች። ባለቤቴ ከሥራ ስትገባ "ዛሬም እዚያው ተጎልተሃል?" ትለኛለች። እውነቷን ነው። በቀን አንድ ሰዓት እፊቷ እቀመጥ ነበር።

አክሮፖራ አጥንቷን የምትሠራው ውሃው ውስጥ ካለው ካልሲየምና ካርቦኔት ነው። ካርቦኔቱን የምንከታተለው አልካላይኒቲ በሚባል ቁጥር ነው። የባሕር ውሃ 7 ዲግሪ አካባቢ ነው (ይህ ዲግሪ የሙቀት አይደለም፣ የአልካላይኒቲ መለኪያ ነው)። 7 ይሁን 9 ለእሷ ብዙም ለውጥ የለውም። የሚገድላት መዋዠቁ ነው። በቀን ከአንድ ዲግሪ በላይ ከፍ አታድርጉ ይባላል። ይህን አንብቤ ነበር። እያወቅሁ ነው ያጠፋሁት።

አንድ ቅዳሜ አልካላይኒቲ የምለካበት ጠብታ አለቀና ውሃዬን በጠርሙስ ይዤ ሱቅ ሄድኩ። ሻጩ ለካና "6 ነው፣ በጣም ወርዷል" አለኝ። ቁጥሩን ከፍ የሚያደርግ ዱቄት ሸጠልኝ። "10 አድርሰው፣ ዕቃው ላይም ተጽፏል" አለ። በስንት ቀን እንደሆነ አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅሁም። ደግመህ ለካልኝም አላልኩም። ኮራሏን ጠዋት ትቻት ስወጣ ደኅና ነበረች። ከዐይኔ ይልቅ የሱቁን ቁጥር አመንኩ። እስካሁን የሚቆጨኝ ይሄ ነው።

ቤት ገብቼ ሂሳብ ሠራሁ። ዱቄቱ ያው ቤኪንግ ሶዳ ነው። 150 ሊትር ውሃን አንድ ዲግሪ ከፍ ለማድረግ 4.5 ግራም ገደማ ይበቃል። ለአራት ዲግሪ 18 ግራም። በወጥ ቤት ሚዛን መዘንኩ፣ በጠበጥኩ፣ ማታውኑ ገለበጥኩት። ድንጋዩና አሸዋው የያዙትን ቦታ ግን አልቀነስኩም። ገንዳዬ ውስጥ ያለው ውሃ ቢበዛ 120 ሊትር ነው። ስለዚህ የጨመርኩት አምስት ዲግሪ ነው። በአንድ ማታ።

ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ተነሥቼ በስልኬ መብራት አየኋት። የሁለት ቅርንጫፎች ጫፍ ነጥቷል። ከሥሯ ደግሞ ሥጋው ተላቆ ውሃው ውስጥ ይወዛወዛል። የተዘፈዘፈ ተልባ ነው የሚመስለው፣ ዝልግልግ ያለ። ክዳኑን ስከፍት ሽታው አፍንጫዬን መታኝ። ሥጋው በለቀቀበት በኩል አጥንቱ ወጥቷል። ነጭ ነው። የቤታችን ቡፌ ትዝ አለኝ።

አዲስ መለኪያ ከሌላ ሱቅ ገዝቼ ለካሁ። 12.5። አምስቱ ሲቀነስ 7 ተኩል። ማለትም ውሃዬ ቀድሞም ምንም አልጎደለውም ነበር። ወደ መጀመሪያው ሱቅ ተመልሼ ጠብታውን አሳየኝ አልኩት። ጊዜው ካለፈ ስምንት ወር ሆኖታል። ይቅርታ እንኳ አላለኝም። "አክሮፖራ እንዲህ ናት፣ ትሞታለች" ብሎ ወደ ሌላ ደንበኛ ዞረ። አይደለም። አክሮፖራ ዝም ብላ አትሞትም።

ከዚያ ደንግጬ ግማሹን ውሃ በአንዴ ቀየርኩ። ቁጥሩ ደግሞ በአንዴ ወደ ታች ወረደ። በአንድ ቀን ውስጥ ሁለተኛ መናወጥ መሆኑ ነው። "አትንካት፣ ትረጋጋ" የሚል ምክር ሰምቼ ደግሞ አንድ ቀን ጠበቅሁ። እኔ ይህን ምክር አልቀበልም። ሥጋዋ ከሥር መላቀቅ ከጀመረ አትጠብቁ፣ የዚያኑ ሰዓት ቁረጡ። ከሞተው መስመር በደንብ ከፍ ብላችሁ፣ ጤነኛው ሥጋ ላይ። እኔ በማግስቱ ሦስት ቁራጭ ቆርጬ በሱፐር ግሉ ለጠፍኩ። ሁለቱ ሞቱ። በመጀመሪያው ቀን ብቆርጥ ሦስቱም ይተርፉ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ዕቃው ላይ የተጻፈውን 10 እርሱት። ቁጥራችሁ 7 ተኩል ሆኖ ካደገች እዚያው ተዉአት። ናይትሬት (ከዓሦች ቆሻሻ የሚመጣው ንጥረ ነገር) ዜሮ ይሁን የሚለውንም አልሰማም። የኔ ያን ቀን ዜሮ ነበር። ንጥረ ነገር ባጣ ውሃ ላይ አልካላይኒቲ ከፍ ሲል የአክሮፖራ ጫፍ እንደሚቃጠል ብዙ አሳዳጊዎች አይተዋል። አሁን 5 ላይ እይዘዋለሁ፣ ዓሦቹንም አላስርባቸውም። ጠብታ ስገዛ የከፈትኩበትን ቀን ጠርሙሱ ላይ እጽፋለሁ። እሑድና ረቡዕ፣ ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት እለካለሁ። እንግዳ ቁጥር ካየሁ በሌላ መለኪያ ሳልደግም ምንም አልጨምርም።

የተረፈችውን ቁራጭ የእናቷ አጥንት ላይ ነው የለጠፍኳት። አጥንቱ አሁን ሐምራዊ አልጌ ለብሷል። እሷም ወደ ታች መሸፈን ጀምራለች፣ ጥፍር የምታክል ቦታ ይዛለች።

ባለፈው ለእናቴ በቪዲዮ አሳየኋት። ስልኩን ወደ ዐይኗ አስጠግታ ብዙ አየቻት።

"ይሄ ያባትህ ድንጋይ አይደል እንዴ?"

"እሱ ነው እማዬ። ይቺ በሕይወት አለች።"

ትንሽ ዝም አለች።

"እና ምን ትበላለች?" አለችኝ።