በድሬዳዋ ሙቀት ያለ ኬሚካል አትክልት ማልማት፦ ከአፈሩ የተማርኩት

ድሬዳዋ ከዚራ በሚገኘው ግቢያችን፣ አራት ሜትር በሦስት በሆነች ቦታ ላይ አትክልት መትከል የጀመርኩት በ2013 ዓ.ም. ነበር። በመጀመሪያው ዓመት የቲማቲሙና የቆስጣው ቅጠል ሲገረጣ ምግብ አንሶት ነው ብዬ ዩሪያ ነሰነስኩበት፤ በሳምንት ውስጥ የቅጠሎቹ ጠርዝ የተለበለበ መስሎ ደረቀ። ስህተቴን የተረዳሁት ቆይቼ ነው። የከተማችን ውኃ በማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚያስቀር፣ ኖራ የበዛበት ውኃ ነው፤ በእንዲህ ያለ ውኃ በሚጠጣ አፈር ውስጥ ብረት ቢኖር እንኳ ሥሩ በቀላሉ ሊወስደው ስለማይችል፣ በተለይ አዲሶቹ ቅጠሎች ጅማታቸው አረንጓዴ እንደሆነ መካከላቸው ይገረጣል። ዩሪያ ለዚህ መድኃኒት አይደለም።

ስለዚህ አፈሩን መመገብ ጀመርኩ። ብስባሽ ከመሬት በላይ ሲከመር በእኛ ሙቀት ቶሎ ስለሚደርቅ፣ በአጥሩ ጥላ ሥር 60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍሬ የወጥ ቤት ልጣጭ፣ ደረቅ ቅጠልና የፍየል በጠጥ በየተራ አነጠፍኩበት። ደረቁ ከእርጥቡ በእጥፍ ይበልጥ ነበር። በጭብጥ ሲጨመቅ የሚያረጥብ እንጂ የሚንጠባጠብ እንዳይሆን እየተቆጣጠርኩ በየሁለት ሳምንቱ አገላብጠው ነበር። ጎረቤቶች የጫት ገረባ እንድጨምርበት ቢመክሩኝም፣ ጫት ላይ ፀረ ተባይ ሊረጭ ስለሚችል አልተቀበልኩም፤ በጠጡንም ያመጣሁት በየመንገዱ ገረባ ከሚለቅሙት ሳይሆን ከከተማው ዳር ከሚግጡ ፍየሎች ነው።

ከሦስት ወር በኋላ ጥቁር ሆኖ የመሬት ሽታ ያለውን ብስባሽ ከመደቡ አፈር ጋር ቀላቅዬ፣ ላዩን በደረቅ ሣር ጎዘጎዝኩት። ከሁሉም በላይ ያስደሰተኝ የውኃው ነገር ነው፤ ቀድሞ ጠዋትና ማታ አጠጣ የነበረውን መደብ በየሁለት ቀኑ ማጠጣት በቃኝ፤ ውኃ በፈረቃ ለሚደርሰው ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አዲሱ የቆስጣ ቅጠልም አረንጓዴ ሆኖ ወጣ፤ ምሳ ሲሠራ ከመደቡ ተቀጥፎ በቀጥታ ወደ ድስቱ ይገባል፤ ምን እንደተረጨበት የሚጠይቅም የለም።

ቃሪያውን ክሽክሽ ሲወርረው የተጠቀምኩት በየመንገዳችን ዳር የሚበቅለውን ኒም ነው። አንድ ኪሎ ቅጠል ወቅጬ በአምስት ሊትር ውኃ አሳድሬ፣ አጥልዬ፣ ጥቂት ሳሙና ጨምሬ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ረጨሁት፤ የፀሐይ ብርሃን ኃይሉን ስለሚያሳጣው በቀን መርጨት ከንቱ ድካም ነው። ተባዩን ወዲያው አይገድለውም፤ መብላትና መራባቱን ግን ስለሚያዳክመው በየሳምንቱ መደጋገም ያስፈልጋል።

ብስባሹ ያልፈታልኝ ነገር የግንቦትና የሰኔ ቲማቲም ነው። በዚያ ሙቀት አበባው ፍሬ ሳይቋጥር ይረግፋል፤ አፈሩ የቱንም ያህል ቢለማ ይህን አይለውጠውም። አሁን ቲማቲሙን በመስከረም ተክዬ ቀዝቀዝ በሚሉት ወራት እለቅማለሁ፤ በግንቦት ግን መደቡን ሙቀት ለሚወደው ባሚያ እተውለታለሁ።